ቁጥሩ ቀረ፣ ፊደሉ ጠፋ፦ የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ታሪክ እስከ ቦንጋ

ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ መኪና ጎጀብን ሳይሻገር አይደርስም። መንገዱ ወደ ወንዙ ሸለቆ ይወርዳል፣ ድልድዩን ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ካፋ ከፍታ ይወጣል። ሾፌሩ ሲወርድ ፍሬኑ እንዳይግል ማርሽ ይዞ ይወርዳል፤ ሲወጣ ደግሞ የጫነውን ቡና በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ይጎትታል። በዚህ ሁሉ ውጣ ውረድ ካምቢዮው ውስጥና ከኋላ ጎማዎቹ መካከል ባለው ዲፈረንሻል ውስጥ የሚፋጩት ጥርሶች ሕይወታቸው በጥቂት ሊትር ዘይት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

የሞተር ዘይት ባለቤት አለው። ስንት ኪሎ ሜትር ላይ እንደተቀየረ ሾፌሩ በቃሉ ይነግርሃል። የካምቢዮና የዲፈረንሻል ዘይት ግን የሚታወሰው ጥርሱ መጮህ ሲጀምር ነው። ያን ጊዜም ገበያ ላይ የሚጠየቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «90 ነው ወይስ 140?»

ጥያቄው ግማሽ ጥያቄ ነው። ቁጥሩ የዘይቱን ውፍረት እንጂ በውስጡ ምን ቅመም እንዳለ አይናገርም። ቅመሙን የሚናገረው ቆርቆሮው ላይ ከቁጥሩ አጠገብ በትንሹ የሚጻፈው ፊደል ነው፦ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5። በአገራችን ገበያ ቁጥሩ ሥር ሰዷል፣ ፊደሉ ግን ጠፍቷል። ይህ እንዴት እንደሆነ ለመረዳት መኪና ወደ ደቡብ ምዕራብ የገባበትን መንገድ መከተል ያስፈልጋል።

▪️ መንኮራኩር ዘግይቶ የደረሰበት አገር

የካፋ መንግሥት እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በሚጠበቁ በሮች አጥሮ የኖረ መንግሥት ነው። ንግዱ ግን ሰፊ ነበር። ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስ፣ ለባርነት የሚሸጥ ሰው ሳይቀር ይወጣል፤ አሞሌ ጨውና ጨርቅ ይገባል። ይህ ሁሉ የሚጓጓዘው በሰው ትከሻና በእንስሳ ጀርባ ነበር። በ1890 ዓ.ም. መባቻ የመጨረሻው ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ተማርከው ካፋ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባም የጭነቱ ጌታ በቅሎ ሆኖ ቀጠለ።

ከ10 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያዎቹ አውቶሞቢሎች አዲስ አበባ ገቡ። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለአፄ ምኒልክ ይዞት የመጣው መኪና እስከ ዛሬ ይወራለታል። ነገር ግን መኪና በቤተ መንግሥት ግቢ መታየቱና መኪና ለጭነት መዋሉ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ደቡብ ምዕራቡን ከመንኮራኩር ጋር በእውነት ያስተዋወቀው ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. የዘለቀው የጣልያን ወረራ ነው። ጅማ የደቡብ ምዕራቡ ግዛት አስተዳደር መቀመጫ ሆነች። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ የሚወስደው የመኪና መንገድም ለወራሪው ጦርና ለአስተዳደሩ ተብሎ ተሠራ። በመንገዱ ላይ የፊያትና የላንቻ ከባድ መኪኖች ይመላለሱበት ጀመር።

ጣልያን ተባረረ፤ ቋንቋው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሬቻ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፦ ዛሬ አንድ የቦንጋ መካኒክ ረዳቱን ሲያዝዝ ከአፉ የሚወጡት ቃላት ከሮም የመጡ ናቸው። ከቃላቱ ጋር ልማዱም መጣ።

የዚያ ዘመን ከባድ መኪና ካምቢዮ ሲንክሮናይዘር አልነበረውም። ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ሁለት ጊዜ እየረገጠ፣ የሞተሩን ድምፅ እየሰማ፣ የጥርሶቹን ፍጥነት በጆሮው ያስማማ ነበር። በካምቢዮው ውስጥ የሚገናኘው ብረት ከብረት ጋር ስለነበረ የሚያስፈልገው ወፍራም ዘይት ነበር። በዚያ ጊዜ «ለካምቢዮ ወፍራም ዘይት ይበቃል» ብሎ የተማረ መካኒክ አልተሳሳተም። ስህተቱ የመጣው በኋላ ነው፤ መኪናው ተለውጦ ትምህርቱ ሳይለወጥ ሲቀር።

▪️ አንዱ መንሸራተት፣ ሌላው መያዝ ይፈልጋል

ጣልያኖቹ ጅማ ከመድረሳቸው በፊት በአሜሪካ የመኪና ፋብሪካዎች ሁለት ለውጦች በሁለት ዓመት ልዩነት ተከናውነው ነበር።

የመጀመሪያው ሃይፖይድ የሚባለው የዲፈረንሻል ጥርስ ነው። ግሊሰን የተባለው የጥርስ መቁረጫ ማሽን አምራች የፈጠረውን ይህን አሠራር ፓካርድ የተባለው የመኪና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1926 ገደማ ለአውቶሞቢል አዋለው። በቀድሞው ዲፈረንሻል ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ ጫፍ ላይ ያለው ትንሽ ጥርስ፣ ፒኞኑ፣ ትልቁን ጥርስ ኮሮናውን የሚያገኘው ልክ በወገቡ ትይዩ ነበር። በሃይፖይድ ግን ፒኞኑ ከኮሮናው ወገብ ዝቅ ብሎ ይገጠማል። በዚህም ዘንጉ ዝቅ ይላል፣ የመኪናው ወለል ዝቅ ይላል፣ ጥርሱ ሰፋ ብሎ ስለሚነካካ ድምፁ ይቀንሳል፣ ጉልበቱም ይጨምራል። ዋጋው ግን አለ። ጥርሶቹ አንዱ በሌላው ላይ ከመንከባለል ይልቅ በከባድ ጫና እየተንሸራተቱ ይፋጫሉ። ይህ ፍትጊያ ተራውን ዘይት ከመካከላቸው ጠርጎ ያወጣዋል።

መፍትሔው ኬሚስትሪ ሆነ። ዘይቱ ውስጥ ድኝና ፎስፎረስ ያላቸው ቅመሞች ተጨመሩ። ጥርሱ በፍትጊያ ሲግል ቅመሙ ከብረቱ ጋር ተዋሕዶ ስስ ሽፋን ይሠራል፤ ከብረቱ ይልቅ ሽፋኑ ይፋቃል፣ ከዚያም እንደገና ይተካል። የዲፈረንሻል ዘይት ያ የሚሰነፍጥ ሽታው የድኙ ነው። ለዚህ ሥራ ለብዙ አሥርታት ሲያገለግል ከኖረው አንዱ በድኝ የታከመ የዓሣ ነባሪ ዘይት ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1970 ስፐርም የተባለውን ዓሣ ነባሪ ሊጠፉ ከተቃረቡ እንስሳት ዝርዝር ስታስገባው ኢንዱስትሪው ምትክ ፍለጋ ተሯሯጠ።

ሁለተኛው ለውጥ ሲንክሮናይዘር ነው። ካዲላክ እ.ኤ.አ. በ1928 ይዞት ወጣ። ማርሽ ሲቀየር ሁለቱ ጥርሶች ከመግባታቸው በፊት አንድ ቀለበት መሐል ገብቶ እንደ ትንሽ ፍሬን ፍጥነታቸውን ያስማማል። ከዚያ በኋላ ሾፌሩ ፍሪሲዮን ሁለት ጊዜ መርገጥ አላስፈለገውም። ቀለበቱ በአብዛኛው የሚሠራው ከነሐስ ነው።

የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። ሃይፖይድ ጥርስ መንሸራተትን የሚችል ዘይት ይፈልጋል፤ የነሐስ ቀለበት ደግሞ መያዝ አለበት። ዘይቱ ከመጠን በላይ የሚያንሸራትት ከሆነ ቀለበቱ ጥርሱን መያዝ ያቅተውና ማርሹ እየጮኸ ይገባል። በዚያ ላይ የብረት ጥርስን የሚያድነው ድኝ ሙቀት ሲያገኝ መዳብ ያለበትን ማዕድን ይበላል፤ ነሐስ ደግሞ አብዛኛው አካሉ መዳብ ነው። ለአንዱ መድኃኒት የሆነው ለሌላው መርዝ ይሆናል ማለት ነው።

▪️ ቁጥሩ ምን ይላል፣ ፊደሉስ?

ይህን ልዩነት ለመለየት ነው ደረጃ የወጣው። የአሜሪካ ጦር ለመኪኖቹ የጥርስ ዘይት መስፈርት አወጣ፤ የአሜሪካ ፔትሮሊየም ኢንስቲትዩትም ጂኤል የሚለውን አከፋፈል ዘረጋ። ዛሬ ሁለቱ ይበቁናል። ጂኤል-4 መካከለኛ ቅመም ያለው፣ በተለይ ለካምቢዮ የሚሆን ዘይት ነው። ጂኤል-5 ለሃይፖይድ ዲፈረንሻል የተሠራ ሲሆን የቅመሙ መጠን ከጂኤል-4 በግምት እጥፍ ነው።

ብዙ ሰው 5 ከ4 ስለሚበልጥ ጂኤል-5 «የተሻለ» ይመስለዋል። ለሞተር ዘይት የሠራው አስተሳሰብ እዚህ አይሠራም። 4 እና 5 የክፍል ደረጃ አይደሉም፤ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዳንድ አዳዲስ ጂኤል-5 ዘይቶች ነሐስን የሚከላከል ተጨማሪ ቅመም ቢኖራቸውም የማንሸራተቱ ችግር ይቀራል። ለካምቢዮም ለዲፈረንሻልም እንዲሆኑ ታስበው የተሠሩ ዘይቶችም አሉ፤ እነዚህ ግን ይህንኑ በግልጽ ይጽፋሉ።

ወደ ቁጥሩ ስንመለስ ሌላ አሳሳች ነገር አለ። የጥርስ ዘይት ቁጥርና የሞተር ዘይት ቁጥር መለኪያቸው አንድ አይደለም። 90 የሚለው የካምቢዮ ዘይት በሙቀት ጊዜ ያለው ውፍረት ቁጥር 40 ወይም 50 ከሚባል የሞተር ዘይት ጋር ይቀራረባል። «90 ከ40 እጥፍ ይወፍራል» የሚለው ግምት ከሁለት የተለያዩ ሚዛኖች የመጣ ነው።

140ስ? «መኪናው አርጅቷል፣ ወፈር ይበልለት» የሚለው ምክር በየጋራዡ ይሰማል። 140 የሚጮኽ ዲፈረንሻልን ለጊዜው ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ድምፁን ግን ሸፈነው እንጂ ያለቀውን ኩሽኔታ ወይም የተበላውን ጥርስ አልጠገነም። በካምቢዮ ውስጥ ሲገባ ደግሞ በቀዝቃዛ ጠዋት ዘይቱ ከብዶ ቀለበቱ ሥራውን መሥራት ያቅተዋል፤ መኪናው እስኪሞቅ ሁለተኛ ማርሽ እምቢ ይላል። ሾፌሩ ዱላውን በጉልበት ሲገፋ ቀለበቱ ያልቃል።

▪️ በአገራችን የሚገኙት መኪኖች የሚጠይቁት

ከነፃነት በኋላ በ1943 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ብድር ታግዞ የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ሲቋቋም መንገዱም የመኪናው ዓይነትም ሰፋ። ከዚያ ወዲህ የገቡት መኪኖች እያንዳንዳቸው የተለየ ዘይት ይዘው ነው የመጡት።

ቮልስዋገን ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በአንድ ቤት ውስጥ ናቸው። አንድ ዘይት ሁለቱንም ያገለግላል። ዲፈረንሻሉ ሃይፖይድ ስላልሆነ ለቀለበቶቹ የሚስማማው ጂኤል-4 ይበቃዋል። «ለዲፈረንሻል ጂኤል-5 ነው» የሚለውን ሕግ በቃሉ ይዞ ቮልስ ላይ የሚሠራ ሰው ካምቢዮውን ይጎዳል።

ላንድሮቨር ብዙ ባለሙያ ያሳሳታል። የመጀመሪያዎቹ ተከታታዮች ሲንክሮናይዘር ያላቸው በላይኞቹ ማርሾች ብቻ ነበር፤ ሁሉም ማርሽ ሲንክሮናይዘር ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው ሦስተኛው ተከታታይ ነው። ስለዚህ ሁለት የሚመሳሰሉ ላንድሮቨሮች ለዘይት ስህተት ያላቸው ትዕግሥት እኩል አይደለም።

የካፋን የጭቃ መንገድ ለብዙ ዓመታት ያሸነፈው ላንድክሩዘር ነው። የ70 ተከታታይ መጽሐፉ ለካምቢዮው 75ደብሊው-90 ሆኖ ጂኤል-4 ወይም ጂኤል-5 ይፈቅዳል፤ ለዲፈረንሻሉ ግን ጂኤል-5 ብቻ ነው የሚለው። ቶዮታ ካምቢዮውን ለሁለቱም አዘጋጅቶታል ማለት ነው። ይህን ፈቃድ ግን ወደ ሌላ መኪና ይዞ መሄድ አይቻልም።

ከሁሉም የሚያስገርመው አይሱዙ ነው። ለአንዳንድ የአይሱዙ ካምቢዮዎች ፋብሪካው የሚያዘው የጥርስ ዘይት ሳይሆን የሞተር ዘይት ነው። «ካምቢዮ ስለሆነ 90 ይግባ» ብሎ የሚሞላ ሰው መልካም ያደረገ እየመሰለው ፋብሪካው ያላሰበውን ያደርጋል።

የተገላቢጦሹ ስህተት ከሁሉም ይከፋል። በሃይፖይድ ዲፈረንሻል ውስጥ ተራ የሞተር ዘይት ወይም ደካማ ዘይት ከገባ ጥርሱን የሚሸፍነው ነገር የለም። ካምቢዮ ቢበደል ለወራት እያጉረመረመ ይቆያል። ዲፈረንሻል ግን አንድ ረጅም ዳገት ላይ ሊያበቃለት ይችላል።

▪️ ካፋ ላይ ውሃውም አለ

ካፋ ዝናቧ የማይቆጠብ አገር ናት። ጫካዋም ቡናዋም የዚያ ውጤት ናቸው። ከቦንጋ ወደ ዴቻ፣ ወደ ጨና፣ ወደ ጌሻ ገጠር ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ግን ጭቃና ጅረት ሳይነካ አይመለስም።

ዲፈረንሻል በጉዞ ይግላል። የጋለው ቤት በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ከውጭ ይስባል። የመተንፈሻው ቀዳዳ በጭቃ ከተደፈነ ወይም የዘይት መያዣው ጎማ ካረጀ የሚሳበው ውሃ ነው። ዘይቱ ቡና በወተት መስሎ ይወጣል። የፈለገውን ያህል ውድ ዘይት ይሁን፣ ውሃ ከገባበት አበቃለት። ደረቅ አስፋልት ላይ ለሚሄድ መኪና የተጻፈ የዘይት መቀየሪያ ጊዜ ወንዝ ለሚሻገር መኪና የማይሠራው ለዚህ ነው።

ነባር መካኒኮች የሚያውቁት አንድ ደንብ እዚህ ላይ መነገር አለበት፦ አሮጌውን ዘይት ከማፍሰስ በፊት መሙያው ቡሎን ይፈታ። የታችኛው ተፈትቶ ዘይቱ ካለቀ በኋላ የላይኛው ዝጎ እምቢ ቢል መኪናው ያለ ዘይት እዚያው ይቀራል። የሚፈሰውም ዘይት ይናገራል። ማፍሰሻው ቡሎን ላይ የሚገኝ ስስ ግራጫ ጭቃ የተለመደ ፍትጊያ ነው፤ የብረት ስብርባሪ ካለ ጥርስ ወይም ኩሽኔታ ሄዷል። ከካምቢዮው የሚወጣው ዘይት ወርቃማ ብልጭታ ካሳየ ደግሞ የነሐሱ ቀለበት እያለቀ ነው።

▪️ አሮጌው መኪና የሕዝብ ጉዳይ የሆነበት ምክንያት

ይህ ሁሉ የመካኒክ ወሬ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ያለፉትን ጥቂት ዓመታት ውሳኔዎች ጎን ለጎን እናስቀምጣቸው።

በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ7 ዓመት በላይ ባገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት ከኤሌክትሪክ መኪና በስተቀር አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቆ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ውሳኔዎቹ የየራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ክርክሩም ሌላ ነው። በካፋ ያለ ባለመኪና ዘንድ ሲደርሱ ግን አንድ ትርጉም ይሰጣሉ፦ ያለህን አሮጌ መኪና የሚተካ ሌላ አሮጌ መኪና አይመጣም፤ መለዋወጫውም ከውጭ የሚገዛው በተወደደ ዶላር ነው።

ኮሮናና ፒኞን የሚቀየሩት በጥንድ ነው። የካምቢዮ ቀለበት ለመቀየር ካምቢዮው ወርዶ ሙሉ በሙሉ ይፈታል። ይህ ችግር ቡና በሚለቀምበት ወቅት ከደረሰ የባለመኪናው ብቻ ሳይሆን የገበሬውም ኪሳራ ነው፤ እሸቱ መድረቂያ ቦታ በጊዜ ካልደረሰ ጥራቱ ይወድቃል። ታማሚ ወደ ቦንጋ የሚያደርሰውም በብዙ ቀበሌ ያው አሮጌ መኪና ነው። በዚህ ዓይነት አገር የአንድ ካምቢዮ ዕድሜ በ5 ዓመት ቢረዝም የትራንስፖርት ፖሊሲ ያላደረገውን ሥራ አንድ ቆርቆሮ ዘይት ሠራ ማለት ነው።

▪️ ፊደሉ የሚጠፋው የት ላይ ነው?

ዘይቱ ከፋብሪካ ሲወጣ ፊደሉ ላዩ ላይ አለ። የሚጠፋው ከበርሜል ወደ ጀሪካን፣ ከጀሪካን ወደ ውሃ ጠርሙስ ሲቀዳ ነው። በሊትር የሚገዛ ሰው የሚደርሰው ስም የሌለው ቡናማ ፈሳሽና ሻጩ በቃል የሚነግረው ቁጥር ብቻ ነው። ጂኤል-4ና ጂኤል-5 በዓይን አይለዩም። ቋንቋውም አያግዝም፤ ወጥ የሚሠራበትም፣ ሞተር የሚገባበትም፣ ካምቢዮ የሚሞላበትም «ዘይት» ነው።

መፍትሔው ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ቀድቶ የሚሸጥ ነጋዴ በጠርሙሱ ላይ ቁጥሩንም ፊደሉንም ጽፎ እንዲሸጥ ማስገደድ የንግድ ቢሮ ሥራ ነው። ቦንጋ ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ የክልል ከተማ ናት፤ ይህን የሚሠራ መሥሪያ ቤት ፍለጋ ሐዋሳ መሄድ ቀርቷል። በየቴክኒክና ሙያ ኮሌጁ የአውቶ መካኒክ ተማሪ ስለ ሞተር ዘይት ከሚማረው ሰዓት ላይ አንዱ ለጥርስ ዘይት ይሰጥ። ባለመኪናው ደግሞ የመኪናውን ሞዴል፣ የካምቢዮውን ዘይት ቁጥርና ፊደል፣ የዲፈረንሻሉን ቁጥርና ፊደል በወረቀት ጽፎ ከሊብሬው ጋር ያስቀምጥ። መጽሐፉ ከጠፋ የሞዴሉን መጽሐፍ በስልክ ፈልጎ ማግኘት ዛሬ ከባድ አይደለም።

የፊያትን ካምቢዮ በጆሮ እየሰሙ ያሽከረከሩት ሾፌሮችና ከጣልያን ጋራዥ በዓይን ሠርቀው ሙያ ያወጡት መካኒኮች የተሰጣቸውን ዕውቀት ሳያባክኑ ለተከታዩ አስተላልፈዋል። የተላለፈው ዕውቀት ግን ነሐሱ ቀለበት ከመምጣቱ በፊት የነበረው ነው። ቀሪውን ግማሽ መጨመር የዚህ ትውልድ መካኒክ፣ ነጋዴና ባለሥልጣን ድርሻ ነው። ዘይት ሻጩ «90 ነው ወይስ 140?» ሲል ባለመኪናው ቁጥሩን ከመለሰ በኋላ «ጂኤል ስንት?» ብሎ ይጠይቅ። ሻጩ መልስ ከሌለው ጠርሙሱን መልሶለት ይሂድ።